ባጃጅ ያልሆነው የወ/ሮ አሻ ወንበር

ቀን፦ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም

ለከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ከሚሴ

ጉዳዩ፦ በባጃጅነት የተያዘ የአካል ጉዳተኛ ወንበር እንዲለቀቅ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ፋሪዳ ጀይላን የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ የተግባር ልምምዴን የማደርገው እዚሁ ከሚሴ፣ ለአካል ጉዳተኞች መገልገያ በሚሠራ አንድ ወርክሾፕ ነው። የተያዘውን ወንበር የነደፍኩት እኔ ስለሆንኩ መልስ ለመስጠትም የምቀርበው እኔው ነኝ።

ወ/ሮ አሻ በገበያችን ሽንኩርትና በርበሬ ይቸረችራሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እግሮቻቸው አይታዘዙላቸውም። ገበያ የሚወጡት በታናሽ ወንድማቸው በኢርፋን ጀርባ ታዝለው ነበር፤ ኢርፋን ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲያኮርፍ ገበያ ሳይወጡ ይቀሩ ነበር። ለዚህ ሲባል በእጅ እየዘወሩ የሚነዱት ባለሦስት ጎማ ወንበር ተሠራላቸው። ሞተር የለውም፤ ሰንሰለቱ የብስክሌት፣ ነዳጁ የወ/ሮ አሻ ክንድ ነው። የከሚሴን ፀሐይ ክቡርነትዎ ያውቁታልና፣ ጥላ ይሁናቸው ብለን ከወላለቀ ባጃጅ ላይ ሰማያዊ ሸራ አውጥተን ገጠምንለት። የሰፈሩ ሰው ወዲያው «የአሻ ባጃጅ» ብሎ ጠራው። ያኔ ስሙ ደስ ብሎን ነበር።

ወንበሩ ከኋላው የሽንኩርት ጆንያ ማስቀመጫ አለው። ስንነድፈው ስለ ክብደቱም፣ ስለ ዳገቱም፣ ስለ ፍሬኑም በደንብ አስበናል፤ ያላሰብንበት የአገራችንን ሰው ጠባይ ነው። ወ/ሮ አሻ አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲሄዱ ጎረቤታቸው እማማ ረቢአ ወደ ለቅሶ ቤት በእግራቸው ሲያዘግሙ አገኟቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ጀርባ የሄዱ ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለማድረስ በቅተው ዝም ብለው እንዴት ይለፉ? ለምነው በጆንያው ቦታ አስቀመጧቸው።

አደባባዩ አጠገብ ተረኛው የስምሪት ተቆጣጣሪ አስቆሟቸው። ሸራውን አዩ፣ ተሳፋሪዋን አዩ፤ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና የስምሪት ወረቀት ጠየቁ። ተቆጣጣሪውን አልወቅሳቸውም፤ ከሩቅ ለሚያየው ባጃጅ ነው። ይባስ ብሎ እማማ ረቢአ ጎረቤታቸውን የረዱ መስሏቸው «ልጄ፣ ሒሳብ ከሆነ እኔ እከፍላለሁ» አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ተበላሸ።

ወንበሩ ወደ ግቢያችሁ ሲወሰድ ወ/ሮ አሻ ኢርፋን እስኪመጣ ድረስ የሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ታዝለውም ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጡም። ደንበኞቻቸው ከሌላ መግዛት ጀምረዋል።

ወንበሩን ለማስለቀቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብመጣ፣ ባለንብረቷ ራሳቸው በአካል ካልቀረቡ እንደማይቻል በትሕትና ተነገረኝ። ይህንኑ ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው ኢርፋን ሊያዝላቸው ጎንበስ አለ። እሳቸው ግን «ወላሂ ኢርፋን፣ ቀና በል። ከእንግዲህ በሰው ጀርባ ቢሮ አልገባም» አሉ። ልለምናቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ወንበሩን የሠራነው ለዚሁ ነበርና። ደስ አለኝ፤ ዕንባዬም መጣ።

ሸራው ይቀየር ከተባለ በማግስቱ ይቀየራል፤ ቀለሙንም ጽሕፈት ቤቱ ይምረጥልን። ደወል ግጠሙ፣ አንጸባራቂ ለጥፉ ብትሉንም እንታዘዛለን። ሰው አይጫንበት ለሚለው ግን በወ/ሮ አሻ ስም ቃል መግባት አልችልም፤ ጠባያቸውን አውቀዋለሁ።

ባለንብረቷ በአካል ይቅረቡ የሚለው ደንብ እንዲጣስ አልጠይቅም። የምለምነው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ብቻ ነው፦ ወንበሩ መጀመሪያ ይለቀቅላቸውና፣ ወ/ሮ አሻ ራሳቸው እየነዱት መጥተው እንዲለቀቅላቸው ያመልክቱ።

ከአክብሮት ሰላምታና ከብዙ ተስፋ ጋር

(ፊርማ)
ፋሪዳ ጀይላን