ሙሉ ቁመት በፕላስቲክ ካሜራ

ኅዳር 28፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ አሁንም እየሞረድኩ ነው። ጣቴ ላይ የፕላስቲክ ብናኝ፣ ሻዬ ውስጥም ብናኝ። ከልባሽ ተራ ያገኘኋት የልጆች ካሜራ ሌንሷ ተጭሯል፤ አውጥቼ ጣልኩት። በምትኩ ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ላይ የሚሰካት ማጉያ። አሮጌዋን ሰጠኝ። መያዣዋ የውሃ ጠርሙስ ክዳን፣ መሃሉ በጋለ ሚስማር የተበሳ። ዙሪያውን ጥቁር ናስትሮ። አባዬ ለጎረቤት፣ “ሥራ እየፈለገች ነው” ይላል። ሥራማ ይኸው!

ኅዳር 30

ኦቦ ፈይሳ ጋ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ዘግተውታል፤ የፊልም ማጠቢያዋ ክፍል ግን እንዳለች ናት። ከገና በኋላ ለሞባይል ጥገና ሊያከራዩዋት ነው። ለእኔ ይተዉልኝ ብዬ ለመንኩ። ካሜራዬን አገላብጠው ሳቁ። ቀጥሎ ውል፦ ዘመዴ ያልሆነ ሰው ፎቶዬን ወድዶ ግድግዳው ላይ ከሰቀለ፣ ክፍሏ የእኔ። ዘመድ አይቆጠርም፤ ዘመድ ለፍቅር ሲል ጭስም ይሰቅላል አሉ። ፊልሙን እሳቸው ያጥቡልኛል።

አምቦ ላይ ዘመዴ ያልሆነ ማን አለ? የባጃጁ ሹፌር እንኳ በእናቴ በኩል ነው። ስለዚህ ጎጆ ከተማ፣ በሚኒባስ፣ ለገበያ ቀን።

ታኅሣሥ 3፣ ጎጆ

ብርድ! ብርሃኑ ግን! አዴ ጫልቱ የሚባሉ ድንች ሻጭ እሺ አሉኝ። ነጭ ጫማ፣ አዲስ፤ ጭቃ እንዳይነካው ጆንያ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሌንሴ የሚጠራው በክንድ ርቀት ብቻ ነው። ተጠግቼ አነሳኋቸው።

ታኅሣሥ 6

ፊታቸው! እያንዳንዱ መስመር! ዘለልኩ። ኦቦ ፈይሳ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ከትተው ሰጡኝ። ይህን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ታኅሣሥ 10፣ ከሰዓት

አዴ ጫልቱ ፎቶውን አልወሰዱትም።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ጉርድ ነው። ጉርድ ለመታወቂያ ነው። እግሬን የት ጣልሽው?”

ጎናቸው ያለችው ሽንኩርት ሻጭ፣ “በልታው ነዋ!” አለች። ገበያው በሳቅ። እኔም ሳቅኩ። ሚኒባስ ውስጥ ግን አለቀስኩ፤ ትንሽ።

ታኅሣሥ 11

ጅል ነኝ። ሰው አዲስ ጫማ አድርጎ ቆሞ ጉርድ? ለሌንሷ ስል አዴ ጫልቱን ረሳኋቸው።

መላ፦ ሌንሷ ወደ ፊልሙ ስትጠጋ ሩቁ ይጠራል። ክዳኑን ሦስት ሚሊ ሞረድኩት። በፊልሙ ቦታ ዘይት የነካ ወረቀት ዘረጋሁ። በር ላይ የቆመው አባዬ ታየኝ፤ ተገልብጦ፣ ከነጫማው! ጮህኩ። አባዬ እባብ ያየሁ መስሎት ዱላ ይዞ ገባ።

ታኅሣሥ 17፣ ጎጆ

የመጨረሻው ፊልም። አሥር እርምጃ ራቅሁ። አዴ ጫልቱ፣ “እግሬን!” እያሉ። አልረሳሁም፣ አዴ።

ታኅሣሥ 23

ወይኔ። ክዳኑ ጠሞ ተጣብቋል። ጫማው የማሰሪያው ቀዳዳ እስኪቆጠር ጠርቷል፤ ፊታቸው ግን ጉም። ኦቦ ፈይሳ ምድጃ ዳር እንደቀለጠ ሻማ ነው አሉ። ሌላ ፊልም የለኝም። ገና ደረሰ። ይዤው እሄዳለሁ። እሳቸውም ይመጣሉ፤ ዓይኔ ካላየ አላምንም ብለው።

ታኅሣሥ 24

ደብተሬ፣ ከየት ልጀምር?

አዴ ጫልቱ ፎቶውን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። ስለ ፊታቸው ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

“ተይው። ፊቴንማ ጎጆ ሁሉ ያውቀዋል። ጫማዬን ማን አይቶልኛል?”

ድንቹን ለሽንኩርት ሻጯ አደራ ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ከካላንደሩ ጎን ሚስማር መቱ። ሰቀሉት! ኦቦ ፈይሳ ሚስማሩን በጣታቸው ነቅነቅ አድርገው፣ “ይይዛል” አሉ። ስንመለስ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የክፍሏን ቁልፍ ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት

ከክፍሌ ነው የምጽፈው! አቧራ፣ የአሲድ ሽታ፣ ቀይ አምፖል። ወሰንኩ፦ ከገና በኋላ በየገበያው ቀን ጎጆ። ሽንኩርት ሻጯ ተመዝግባለች፤ ጫማ የለኝም፣ ግን አዲስ ቀሚስ አለኝ ብላ። ክዳኑን ዛሬውኑ አቃናለሁ፤ ፊትም እግርም እኩል እንዲ— ኦቦ ፈይሳ እየጠሩኝ ነው፣ መጥረጊያ ይዘው