«ሥራ ላይ ትተኛለች» ተብላ ስለተገመገመችው ኤሊዬ

ለክቡር አቶ ዘሩ አድማሴ
የቀበሌያችን ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፡- ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና አንገትዎ ላይ የሚያንጠለጥሉት የማዕከሉ ቁልፍ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከማዕከሉ ካገዱኝ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ወደ ቢሮዎ መግባት ስላልተፈቀደልኝ ይህን ደብዳቤ ከበሩ ውጭ ባለው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁና፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ተጋፍተው ቆመው ማንበብ ግድ ስለሚሆንብዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ከገበያው በላይ ልብስ የምሰፋው የመሪጌታ ላቀው ልጅ ሠርክአዲስ ነኝ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በስልካችን የምንጫወተው አንድ ጨዋታ አለ፤ ሰው ሁሉ የየራሱን አውሬ ከግልገልነቱ ጀምሮ አብልቶና አለማምዶ ያሳድግና ከሌላው አውሬ ጋር ያፋልማል። የኔዋ ሸጋዬ የምትባል ኤሊ ናት። ስትመታ ዛጎሏ ውስጥ ትገባለች፤ ጉልበቷ ሲደክም ትተኛለች፣ በተኛችበትም ቁስሏ ይሽራል፤ ስትነቃ ደግሞ የተቀበለችውን ምት ሁሉ እጥፍ አድርጋ ትመልሳለች። በዚህ ስልት ከማዕከሉ ልጆች ያላሸነፈችው ስለሌለ፣ ከቡሬ ቡድን ጋር በሚደረገው ግጥሚያ ከተማችንን ወክዬ እንድሰለፍ ልጆቹ ተስማምተው ነበር። እኔን ለፍኖተ ሰላም ተሰለፊ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት ኖሮ አያውቅምና፣ እውነቱን ልናገር፣ የምሆነውን አሳጥቶኝ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ጨዋታውን አንድም ቀን ሳይሞክሩት የአውሬዎች ግምገማ ስለጠሩ አመሰግናለሁ። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም በሚገመገምበት ከተማ ኤሊ ብቻ ሳትገመገም መቅረቷ በእርግጥም አድልዎ ነበር። ረፋዱን ሁሉ ስለ ጠንካራና ደካማ ጎን ሲያብራሩልን ውለው፣ የትኛው ስልት የትኛውን እንደሚያከሽፍ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መጨረስዎ ለሌላ ለማንም የማይቻል ነው።

2. ሸጋዬ ዛጎሏ ውስጥ መግባቷን «ራስን ከሕዝብ መነጠል»፣ እንቅልፏን «ሥራ ላይ መተኛት»፣ ምት መመለሷን ደግሞ «ቂመኝነት» ብለው «ሐ» ስለሰጧት አመሰግናለሁ። ሦስቱ ስልቶች አንድ ላይ ካልታዩ ትርጉም እንደሌላቸው ላስረዳ እጄን ባወጣ፣ ሂስ የማልቀበል ሰው መሆኔን በቃለ ጉባኤ አስያዙ። ቀጥለውም ሁለታችንም ግለ ሂስ እንድናደርግ አዘው ስልኩን ወደ ተሰብሳቢው አስዞሩኝ። ሸጋዬ በዚያች ሰዓት ተኝታ ነበር፤ ይህም ጉዳያችንን እንዳልረዳው አምናለሁ።

አባቴ ስልክ መንካት አይወዱም፤ ሸጋዬንም የሰይጣን ከብት ነው የሚሏት። ሆኖም ነገሩን ሳጫውታቸው፣ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ የሚነሣ አንድ ተማሪ በቅኔ ቤታቸው እንደ ነበረና፣ ብዙ ከታገሡት በኋላ ወደ እርሻው እንደ መለሱት ነገሩኝ። የተማሪውን ስም አላነሡልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

3. በኔ ቦታ የባለቤትዎን ወንድም ቢሆነኝን ስለመረጡ አመሰግናለሁ። የሱ አውሬ ዘንዶ ነው፤ እሳት ይተፋል፤ የቀሩት ስልቶቹ ግን ግሳት ብቻ ናቸው። ግሳት ባላጋራን ያስበረግጋል እንጂ አይጎዳም፤ እርስዎ ግን «በመድረክ ላይ ንቁ ተሳትፎ» ብለው «ሀ» ሰጡት። እሳት በውኃ አውሬ ፊት እንደሚከስም፣ የቡሬዎቹ አውሬም ጉማሬ መሆኑን ያልሰማ ከጅጋ እስከ ማንኩሳ አልነበረም። ቢሆነኝን አልወቅሰውም፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔ ብሰለፍ እንደሚሻል ራሱ በሹክሹክታ ነግሮኛል። የቡድኑን ማሊያ የሰፋሁት እኔ ነበርኩ፤ በራሴ ልክ የቆረጥኩትን እሱ ለብሶት ሄደ፣ ትከሻው ላይም ጠቦት ነበር አሉ።

4. በቡሬ ስለሆነውም አመሰግናለሁ። ዘንዶው አገሳ፣ ደግሞ አገሳ፤ ጉማሬው አንድ ጊዜ ውኃ ረጨ፤ በቃ፣ አለቀ። የሚኒባሱ ሞተር ሳይቀዘቅዝ ቡድኑን አሳፍረው መመለስዎ ነዳጅ ቆጣቢ አመራር እንዳለን ያሳያል።

5. በማግስቱ ሌላ ግምገማ ጠርተው፣ የሽንፈቱ መንስኤ በዚያ ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀሚስ ስዘመዝም የነበርኩት የኔ «አፍራሽ አመለካከት» መሆኑን በድምፅ አስወሰኑ፤ ከማዕከሉም አገዱኝ። እዚህ ላይ ምስጋናው አልወጣ አለኝ። አብረውኝ ያደጉ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ሲያወጡብኝ ቆሜ አየሁ። የሸጋዬን «ሐ» እረሳው ይሆናል፤ እነዚያን እጆች ግን አልረሳቸውም። ልጆቹ ላይ አዘንኩ፤ እርስዎ ላይ ግን አንጀቴ አሯል።

የቡሬ ልጆች ይህን ሰምተው ጠሩኝ። አክስቴ ታንጉት እዚያ ስለምትኖር ማረፊያ አላጣም፤ ለዳግማይ ትንሣኤ እዚህ በሚደረገው የመልስ ግጥሚያም ለነሱ እንድሰለፍ ይፈልጋሉ። እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። እናቴ በተቀመጠችበት አዳራሽ የተወለድኩባትን ከተማ ማሸነፍ ሞቴ ነው፤ ቤቴ ተቀምጬ ግሳት መስማትም እንደዚያው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ እገዳውን ያንሡልኝና ለፍኖተ ሰላም ልሰለፍ። እስከ ሆሳዕና መልስ ካላገኘሁ መልስ እንደ ሰጡኝ እቆጥረዋለሁ።

ጥበብን ለማያጓድልብዎ አምላክ አደራ ሰጥቼ፣ ወንበርዎን፣ ማኅተምዎንና በማኅተሙ የሚመታውን ሁሉ በሩቁ እጅ እየነሣሁ፣

አክባሪዎ
ሠርክአዲስ ላቀው
የካቲት ፳፻፰ ዓ.ም.

ግልባጭ፡-
ለቢሆነኝ (ማሊያውን ይዘህ ና፣ ትከሻውን አሰፋልሃለሁ)
ለቡሬ ቡድን

ማስታወሻ፡- የቡሬ ልጆች እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ከኃላፊነትዎ እንዳይነሡባቸው ለሚካኤል ጃንጥላ ተስለዋል። አዋጪ ብለው እኔንም ጠይቀውኛል፤ የእርስዎን መልስ እስካገኝ ድረስ እጄን ሰብስቤያለሁ።