ከአባትህ መስኮት ፊት የተሰቀለው ሸራ

ሲድኒ፣ እሑድ ጁን 2 ቀን 2019

ውድ ልጄ ግራንት፣

እንደምን ሰነበትክ? የሲንጋፖር ሙቀት አልበረታብህም? እዚህ ክረምቱ ገብቷል። የደቡቡ ነፋስ ትናንት የልብስ ማስጫዬን ገንጥሎ ጎረቤታችን ዝላትኮ ግቢ ጣለው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። አባትህ አለ። ከዚህ በላይ ደህና ነው ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ሾርባውን እኔ ነኝ የማጎርሰው፤ ማንኪያው ከእጁ ይወድቅበታል።

ስልክ ብደውል አታነሣም፤ ብታነሣም ስብሰባ ላይ ነኝ ነው መልስህ። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ወረቀት ስብሰባ ውስጥም ይገባል። ደግሞ በስልክ ያልኩህን ሁሉ አባትህ በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ እኔም አለቅሳለሁ፤ አንተም ለቅሶዬን ሰበብ አድርገህ ትዘጋለህ። እንተዋወቃለን።

የምጽፍልህ ስለ ዛፎቹ ነው። ከቤታችን ሥር የወደቡን ዳር ይዞ የሚሄደው የእግር መንገድ ላይ ያሉት አራቱ የአንጎፎራ ዛፎች ሞተዋል። በሽታ አይደለም፤ ሰው ነው የገደላቸው። ሰፈሩም ዝላትኮ ነው ብሎ ፈርዶበታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲሉ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ኤፕሪል ላይ ቅጠላቸው መጥቆር ጀመረ። ድርቅ ነው አልን። በወሩ መጨረሻ እነዚያ ገና ዝናብ ሲነካቸው ሮዝ የሚመስሉ ግንዶች ግራጫ ሆኑ። በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ የጫካ ተንከባካቢ ቡድናችን እንደ ልማዱ ለአረም ወጣ። እኔ ከቋጥኙ ሥር የወፍ ቆሎ እየነቀልኩ ነበር። ቤሪል፣ ያቺ በሰማንያ ዓመቷም ምላሷ ያልዶለደመው፣ የአንዱን ዛፍ ሥር በቢላዋ ጫር ጫር ስታደርግ ስቱኮ ወደቀ። ከስቱኮው ጀርባ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም።

«ይኼ የኛ ቀለም ነው» አለች።

ሁላችንም ጓንታችንን አውልቀን ቆምን። አንዱ ሌላውን ማየት ፈራ።

አንተ ታውቀዋለህ፤ ለማያውቅ ግን ነገሩ እንዲህ ነው። የካምፎር ዛፍ ጫካችንን ሲወር የምንገድለው አባትህ ባስተማረን መንገድ ነው። ቀዳዳው ከሥሩ አጠገብ ይሆናል፤ መሰርሰሪያው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ዛፉ ቁስሉን ሳይዘጋ መድኃኒቱ ይፈሳል። የትኛው ተሠራ፣ የትኛው ቀረ እንዳንል ደግሞ መድኃኒቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም እንጨምራለን። እንግዲህ አስበው። ተደብቆ ዛፍ የሚገድል ሰው ቀለም ምን ያደርግለታል? ቀለም የሚጨምረው ከልጅነቱ እጁ የለመደ ሰው ብቻ ነው። ሌባ ሆኖ እንኳ በደንቡ ነው የሚሠራው።

«ዕቃ ቤታችንን ከፍቶ ነዋ» አለች ቤሪል፤ ቀለሙ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ራሷ መልስ አገኘች። «ከዝላትኮ አጥር ሥር አይደል ያለው? ቅጠሉ አሸንዳዬን ደፈነው እያለ ስንቴ አማረረ። አሁን ደግሞ አዲስ በረንዳ ሠርቷል። ሰው በረንዳ የሚሠራው ቅጠል ሊያይ ነው?»

«ቁልፉ እኮ አልተሰበረም» አልኳት።

«የመርከብ መካኒክ ነበር ባክሽ። ለሱ ቁልፍ ምኑ ነው?»

ሁሉም እፎይ አሉ። አየኋቸው፤ ትከሻቸው ወረደ። ከመካከላቸው አንዱ ከሚሆን ዝላትኮ ቢሆን ይሻላቸዋል። እኔ ግን ፔርሙሱን ከፍቼ ሻዬን ሳልቀዳ መልሼ ዘጋሁት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የሚሰቀለው እኔ ማድ ቤት ነው። ማርች ላይ ልትጠይቀን የመጣህ ሰሞን አንተ መጋዝ ልዋስ ብለህ ወሰድከው። በዚያው ቀን ምሳ ላይ ጥፍሮችህ ሥር ሰማያዊ ነገር አየሁ፤ ምንድነው ስልህ «እስክሪብቶ ፈሰሰብኝ» አልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ በኮምፒውተር የምትጽፍ ልጅ። ያን ጊዜ ሳቅኩ። አሁን አልስቅም።

ከዚያ በኋላ በዝላትኮ አጥር ላይ አንድ ሰው በቀይ ቀለም «ዛፍ ገዳይ» ብሎ ጻፈበት። ሚስቱ ኔቨንካ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ መራመድ ተወች። የሚያልፈው ሁሉ፣ ውሻ የሚያንሸራሽረውም፣ ጀልባዎቹን ፎቶ የሚያነሣውም፣ ቆም እያለ በረንዳቸውን ይጠቁማል። አንድ ማለዳ ራሱ በራችንን አንኳኳ።

«ዊን፣ ሰላሳ ዓመት ጎረቤትሽ ነኝ። እኔ ነኝ ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያው ንገሪያቸዋ። ያንቺን ቃል ይሰማሉ።»

«ምን ልበላቸው?»

«ዝላትኮ አይደለም በያቸው። ሌላ ምን አልኩሽ?»

«ታዲያ ማነው ይሉኛል» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ አንተና አባትህ መሰርሰሪያ ይዛችሁ የተነሣችሁት ፎቶ አለ። የዝላትኮ ዓይን እዚያ ሄደ፤ ተመለሰ።

«እሺ» አለ። «ኔቨንካ ኬክ ጋግራለች። ለሌስተር ቁራሽ እልክለታለሁ።»

ለአባትህ ላከለትም። ያ ሰው ያውቃል ግራንት። አውቆ ለማንም አልተናገረም። እኔ በሱ ቦታ ብሆን መንገዱ ላይ ቆሜ እጮህ ነበር። ኬኩን ቆርሼ ለአባትህ ብቻ ሰጠሁት፤ እኔ ከሃፍረቴ የተነሣ አልቀመስኩትም።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ሮብ ዕለት፣ የማዘጋጃ ቤቱ የዛፍ ተቆጣጣሪ መጣች። ሊያን ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋ ግን ሥራ የሚያውቅ ጫማ ነው። አብሬያት ወረድኩ። ቀኑ ጥርት ብሎ ነበር፤ ሸራ ጀልባዎቹ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ተበትነዋል። የደረቁት ዛፎች ጋ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ውሃውን አላየንም። ተንበርክካ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች።

«ይኼ የተማረ እጅ ነው» አለች። «ዊኒፍሬድ፣ አርብ የጎረቤትዎን ስም ለሕግ ክፍል አስተላልፋለሁ። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚለው። እርስዎ የሚሉት ካለ ዛሬ ይበሉኝ።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ስምህ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ጉልበቴን አመመኝ፤ ቤት ገብተን እናውራ» አልኩ። ደረጃውን እስክንወጣ ጊዜ ለመግዛት ነው። ደረጃው ደግሞ እንደዚያ ቀን አጥሮብኝ አያውቅም።

ከመስኮቱ ምን ያህል እንደሚታይ ልይ አለችና አባትህ ክፍል ገባች። እሱ በትራስ ተደግፎ ወደ ውጭ ያያል። ቅጠሉ ረግፎ አሁን ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። ቅጠሉ የረገፈ ሰሞን ደስ ይለው ይሆን ብዬ ብጠይቀው «ሰማዩ በዛብኝ» ነበር ያለኝ። ዛፉ ላይ ይሰፍሩ የነበሩትን በቀቀኖች ነበር የሚያያቸው። አንተ አላወቅክም። እኛም አልነገርንህም።

«ሌስተር፣ ስለ ዛፎቹ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ዐውቃለሁ። ተቀመጪ። መጻፊያ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ጻፊ እንግዲህ። እኔ ነኝ።»

ሊያን አልጻፈችም። ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጉትን እጆቹን አየች። አጥንትና ደም ሥር ብቻ ናቸው።

«መቼ ነው ያደረጉት?»

«ማርች ላይ። ያኔ እቆም ነበር።»

ውሸት ነው። ማርች ላይ ከአልጋ ወደ ወንበር የምትሸከመው አንተ ነበርክ።

«ለምን?»

«ውሃውን ሳላይ ልሞት ነው ብዬ። ሽማግሌ ሲሞት ቂል ይሆናል።»

«ቀለሙንስ ለምን ጨመሩ?»

ፈገግ አለ። «ያለ ቀለም ሠርቼ አላውቅማ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ዊኒፍሬድ፣ እውነት ነው?»

አባትህ አየኝ። ሃምሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ለምኖኝ አያውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ለማደር ጊዜ አልነበረኝም። «ሻይ ልጨምርልሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ያላመነች ይመስለኛል። የታመመን ሰው ግን ትዋሻለህ ብሎ ማን ይጨቃጨቀዋል?

ከሄደች በኋላ አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከዚያው ቀን። ልራመድ ብሎ ሲወርድ መሰርሰሪያውን ሰማሁት። የራሴን መሰርሰሪያ አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን?»

«እኔን ምን ያደርጉኛል ዊን? ልጁ ገና ሥራ አለው፣ ስም አለው።»

«አንተስ ስም የለህም?»

«ስሙን ይዤው የት ልሄድ ነው?» አለኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዝላትኮ ነጻ ወጣ። አጥሩን የቡድኑ ሰዎች ራሳቸው መጥተው ቀቡለት። በዚያው ቀን ደግሞ የአባትህን ፎቶ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ አወረዱት። አባትህ ያን ጫካ ከቆሻሻ መጣያነት አውጥቶ ጫካ ያደረገው ሰው ነው፤ አንተ ትከሻው ላይ ሆነህ አይተሃል። ቤሪል እስከ አጥር በራችን መጥታ፣ እዚያው አልቅሳ፣ ሳትገባ ተመለሰች። መንገዱ ላይ ስወጣ ሰዎች ጫማቸውን ማሰር ይጀምራሉ።

ከትናንት በስቲያ አርብ ሠራተኞች መጡ። ማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ሲሆን የሚያደርገውን ታውቃለህ፤ ዛፍ ገድሎ ውሃ ያገኘ ሰው ውሃውን እንዳያይ ሸራ ይሰቅልበታል። የደረቁት ግንዶች መካከል ወጥረው፣ «እዚህ የነበሩ ዛፎች በመርዝ ተገድለዋል» የሚል ተጽፎበት፣ ልክ ከአባትህ መስኮት ፊት ሰቀሉት። አዳዲሶቹ ችግኞች እስኪያድጉ አይወርድም አሉ። ችግኝ ደግሞ ለአባትህ አይደርስለትም። መጋረጃውን ልዝጋው ስለው «ተይው» አለኝ። አሁን ቀኑን ሙሉ የሚያየው ሸራ ነው። ዛፉም የለም፣ ውሃውም የለም።

አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ለማንም አልነግርብህም። ለማን ብለህ ነው ያደረግከው? እራት ላይ «አባዬ ውሃውን ሳያይ ሊሞት ነው?» ስትል ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያን አይቻለሁ። ግን በዚያው ሳምንት ያንን ባለ ከረባት የቤት ደላላ አምጥተህ በረንዳ ላይ ሲያንሾካሹክም አይቻለሁ። «ውሃው አለ፤ መሐል ላይ ዛፎቹ ብቻ ናቸው» ሲል ሰምቼዋለሁ። የትኛው ነው? ሁለቱም ከሆነም ንገረኝ። ልጄ ነህ፤ አልጥልህም። ዝም ማለትህ ግን እየገደለኝ ነው።

እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። አባትህ በሕይወት እያለ ቃሉን አላጥፍበትም፤ የመጨረሻ ሥራው ይኼ ነው፤ ከእጁ አልነጥቀውም። ሲሞት ግን ቀብሩ ላይ ቆሜ፣ ቤሪልም ዝላትኮም እየሰሙ፣ እውነቱን እናገራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ እንዳትደነግጥ ነው። አንተ ቀድመህ ብትመጣና ለሊያን በራስህ አፍ ብትነግራት ግን እሱ ቆሞ ባይሄድም ስሙ ዓይኑ እያየ ይመለስለታል። ሐኪሟ ጊዜው አጭር ነው ትላለች። አውሮፕላን በየቀኑ አለ።

ክፍልህን አጽድቻለሁ፤ አንሶላው ንጹሕ ነው። ብትመጣ እኔ አልቆጣህም፤ የምቆጣው ባትመጣ ነው። መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ልብ ይስጥህ።

ከነስህተትህ የምትወድህ
እናትህ ዊን

ይህን ልጨምርልህ፦ ስጽፍ አባትህ አየኝና ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ላንተ ነው አልኩት። «ሰላም በይልኝ፤ ደህና ነው በይው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ስለ ዛፎቹ እንዳትጽፊለት፤ ያዝናል» አለኝ።