ዕድሜ አርባ ስምንት፤ ወላጅ ታምጣ

ለተከበሩ የኮሌጁ ዲን ለኦቦ ቢራቱ፣
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ለራስዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቀጥሎም ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ቀለሟ፣ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ብስክሌቷን ስትነዳ ላየኋት ለልጅዎ ለአሜን፣ ከሻምቡ መጥተው አብረዋችሁ ለሚኖሩት ለወንድምዎ ለኦቦ ነገራ፣ ከሁሉም በላይ እሑድ እሑድ ክንድዎን ተደግፈው ወደ ጸሎት ቤት ለሚሄዱት ለእናትዎ ለአዴ ዲንቄ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ለሁላችሁም ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ የእርስዎን ጉልበት እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ከመላ አካላትዎ ጉልበትዎን ለምን እንደመረጥኩ ደብዳቤው ሳያልቅ ግልጽ ይሆንልዎታል።

እኔ ተረፈ መሸሻ እባላለሁ። የተወለድኩት ኪራሙ ሲሆን የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ዛሬ በዚሁ በነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር አክስቴን ተጠግቼ፣ በመናኸሪያ ዕቃ እየጫንኩ እኖራለሁ። በኦሮምኛ መገበያየትና ሰላምታ መለዋወጥ ችያለሁ፤ በትሕትና መቆጣት ግን ገና ስላልደረስኩበት በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ በእርስዎ ቢሮ ውሳኔ የአርባ ስምንት ዓመቷ አክስቴ የወይዘሮ ሸዋጌጥ አሳዳጊ ሆኛለሁ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ይህን ማዕረግ ያለ ፈተናና ያለ ምርቃት ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አክስቴ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሱ ተዳሩ፤ ልጆች አሳደጉ፤ ልጆቹ ሲወጡላቸው ደግሞ እኔ መጣሁባቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ቀን ልብስ እየሰፉ፣ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ለመሆን በኮሌጅዎ የማታ ትምህርት ተመዘገቡ። የመጨረሻው ፈተና የፊታችን ሰኞ ነው። እርሳቸው ግን እንዳይፈተኑ ታግደዋል። ጥፋታቸውን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመምህር ሮቤራ ላይ ስለደረሰው በደል። በመጀመሪያው ሳምንት አክስቴ ከስፌት ሲሮጡ ትምህርቱ ተጀምሮ ደረሱ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ተማሪው፣ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ የትኛውም ይሁን፣ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ከኋላ በኩል «ኖር!» ተባለ። አክስቴም «በእግዜር! ታኣ፣ ታኣ፣ ተቀመጡ ልጆቼ» ብለው በሁለቱም ቋንቋ አስቀመጧቸው። ይህ በየቤታችን ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ሆኖም በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያስተምሩ የነበሩት መምህር ሮቤራም ሳያስቡት አብረው ተነሡ፤ ጭናቸው ላይ የነበረው መጽሐፍ ወደቀ፤ ክፍሉም ሳቀ። መምህሩ የአክስቴ የመጀመሪያ ልጅ እኩያ ናቸው፤ እናታቸው ምን ያህል አሳምረው እንዳሳደጓቸው በዚያች ቅጽበት አስመስክረው ነበር። እርሳቸው ግን መልካም አስተዳደጋቸውን እንደ ውርደት ቆጠሩትና «ለእኔ ያልተነሣ ክፍል ለተማሪ አይነሣም» ሲሉ ደነገጉ።

ሁለተኛ፣ አክስቴ ደንቡን ለማክበር ስላደረጉት አደገኛ ሙከራ። ማንም እንዳይነሣላቸው ብለው ቀድመው ገብተው ተቀመጡ፤ የሚገባው ተማሪ ሁሉ ግን ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳይጨብጥ አላልፍ አለ። ወደ ኋላ ጥግ ሄደው ተሸሸጉ፤ ነመራ የተባለው ልጅ «እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው እኔ ከፊት? እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም» ብሎ ወንበሩን ለቆላቸው ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ሽበታቸው እንዳይታይ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ቢገቡ፣ ሕብረት የምትባለው ልጅ «እትዬ፣ ዛሬ ራስዎን አሞዎታል እንዴ?» ብላ ለመደገፍ ተነሣች፤ ያን ጊዜ ግማሹ ክፍል ተከትሏት ተነሣ። ኮሌጅዎ ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር ሳያረጁ አርባ ስምንት ዓመት መሙላትን ቢያስተምር ኖሮ ይህ ሁሉ ረብሻ ባልተፈጠረ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሐሙስ ዕለት። ይህን ስጽፍ አሁንም አፌ ይመረኛል። የአክስቴ ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይዛ ካልቀረበች ለፈተና አትቀመጥም ይላል። አባታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ በኪራሙ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካረፉ ቆይተዋል፤ የዚያም መንገድ እንኳን ለሙታን ለሕያዋንም አልተመቸም። አክስቴ መጀመሪያ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያም «ተረፈ፣ ሸሚዝህን ቀይር፣ አሳድገኝ» አሉኝ።

እንደ ታዘዝነው ቀረብን። ጸሐፊዎ ለእኔ ወንበር ሳበችልኝ። ለአክስቴ ለመልቀቅ ብነሣ «ወላጅ ይቀመጣል፣ ተማሪ ይቆማል፤ ደንብ ነው» ብላ መለሰችኝ። እርስዎም ገብተው፣ የእናቴን ታላቅ እህት «አንቺ» እያሉ፣ እኔን የመናኸሪያውን ጫኝ «እርስዎ» እያሉ፣ «በቤት ውስጥ ይቆጣጠሩልን እንጂ» ብለው መከሩኝ። በሕይወቴ ማንም ባለ ሥልጣን እርስዎ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያን ቃል ስመኘው ኖሬ፣ ከአክስቴ ላይ ተገፍፎ ሲሰጠኝ ግን የሰው ልብስ እንደ ለበስኩ ያህል ሰውነቴን በላኝ። እነሆ፣ ሳይነካካ እመልስልዎታለሁ።

አራተኛ፣ «ከእንግዲህ ተማሪዎችን አላስነሣም» የሚል ቃል ጽፈው እንዲፈርሙ ጠየቋቸው። አክስቴም «ልጆቹ የተነሡት እኔ አዝዣቸው አይደለም፤ ያላዘዝኩትን አልከለክልም» ብለው ሳይፈርሙ ወጡ። እገዳው የጸናው በዚህ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የደብተር ቦርሳቸው በሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ስለ ኮሌጁ አያነሡም፤ የስፌት መኪናቸውን ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ያስኬዳሉ። እኔም በመስከረም ከልጆች መካከል ተቀምጬ አምስተኛ ክፍልን እጀምራለሁ ብዬ ነበር፤ ድፍረቱን ያገኘሁት ከእርሳቸው ነው፤ አሁን የትምህርት ቤት በር ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ አክስቴ አያውቁም። ግልባጩ በኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በውጤታቸው ላይ ቂም ይወጣባቸው ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ነገር ግን አሳዳጊያቸው አድርገው የሾሙኝ እርስዎ ነዎት፤ አሳዳጊ ደግሞ ልጁ ሲበደል ዝም አይልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ሰኞ ያለ ፊርማና ያለ አሳዳጊ ገብተው ይፈተኑ። ይፈተናሉ ወይስ አይፈተኑም የሚለውን ከሰኞ በፊት በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ በግልጽ እጠይቃለሁ።

በቢሮዎ በአንዲት ወንበር ላይ ያለ ቦታው የተቀመጠው፣ ከዚያም ወዲህ መቀመጥ ያስጠላው፣

ተረፈ መሸሻ
(የወይዘሮ ሸዋጌጥ አሳዳጊ፣ በኮሌጁ ሹመት)

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የአክስቴ ስም ከወጣበት ጎን
ለአዴ ዲንቄ፣ በልጃቸው በኩል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በቤትዎ ተቀምጠው በማንበብ ላይ ሳሉ እናትዎ ወደ ክፍሉ ቢገቡ፣ እባክዎን ከመቀመጫዎ እንዳይነሡ። ጉልበትዎ በራሱ ጊዜ ሊነሣ ይሞክራልና አጥብቀው ይያዙት፤ እምቢ ካለዎት ግን ሰኞ ጠዋት አሳዳጊዎን ይዘው ቢሮዎ ይቅረቡ።