በስምዎ የመለስኩላቸው ቃል

ውድ ጋሽ ኪዳነ ወልድ፤

የነገው የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ገና አላለቀም። አግድም ስምንት ላይ ባለ አምስት ፊደል ቃል አጥቼ ቁጭ ብያለሁ፤ ቃሉን ከመፈለግ ለእርስዎ ደብዳቤ መጻፍ ቀለለኝ። ቢያዩኝ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ከሥራ መሸሽ ነው» ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ እርስዎን ሆኜ ስጽፍ ከርሜያለሁ፤ ዛሬ አንድ ቀን እኔው አንሳር ሆኜ ልጻፍና የሆነውን በተራ ልንገርዎ። ካረፉ በኋላ ያለውን አያውቁትም።

አባቴ ሱቅ መምጣት ሲጀምሩ አልወደድኩዎትም ነበር። ሲታክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ መንገደኛ የሚያመላልሰውን የመኪና ማቆሚያ ሻትል ሲነዱ ውለው ሱቁ ወዳለበት ዋይት ሴንተር ይመጡና ፍሪጁ ሥር የወተት ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ከዚያ ባለ ካሬ ደብተርዎን አውጥተው ዕቃ ሊገዛ የገባውን ሁሉ በጥያቄ ያስጨንቃሉ። «ሲፈልጉት የሚጠፋ፣ ሳይፈልጉት በር ላይ የሚቆም፤ ሦስት ፊደል።» አባቴ ረመዳን ዕቃ እየደረደረ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ፖሊስ» አለ። ሱቁ በሳቅ ሞላ። እርስዎ ግን ተኮሳትረው «ዘመድ ነው እንጂ!» አሉ፤ ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ «የረመዳንም ይሄዳል» ብለው ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፉት። ያን ቀን ነው የወደድኩዎት።

እኔ ያኔ መሀል ከተማ አንድ የጌም ኩባንያ ውስጥ ሞካሪ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ባለ ቀለም ኳሶች እያፈነዳሁ የቱ ጋ እንደሚበላሽ መፈለግ ነበር ሥራዬ። «ጋሼ፣ ይሄን ደብተር ኮምፒውተርና ስልክ ላይ የሚጫወቱት ጌም እናድርገው» ስልዎ «ለማን?» አሉኝ።

«ለሰው ሁሉ።»

«ለሰው ሁሉ ከሆነ ይቅር። ለየኔነሽ ከሆነ እሺ።»

እትዬ የኔነሽ ማን እንደሆኑ ያኔ ነው የሰማሁት። ደብረ ብርሃን ያሉ ታላቅ እህትዎ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ልጅ የሌላቸው፣ ልባቸው የደከመ። ስልክ ስትደዋወሉ ወሬያችሁ የመድኃኒት ስም ብቻ ሆኖ እንደቀረ ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተጨቃጨቅን። ሠንጠረዡን በቃላት የሚሞላ ፕሮግራም ጽፌ በኩራት ሳሳይዎ «ማሽን ቃል ይደረድራል እንጂ ሰው አያስቅም» ብለው ወደ ደብተርዎ ተመለሱ። ተጫዋቹ በስንት ደቂቃ እንደጨረሰ የሚያሳይ ሰዓት ሳስገባ «ልቧ ደካማ ነው፤ ሰዓት አታስቆጥርባት» ብለው አስወጡት። ፊደሎቹን እያሳነስኩ ሳሰማምር ደግሞ «ጣቷ በቁርጥማት ያበጠ ነው» አሉኝ፤ አሳደግኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ሳያንገራግሩ ተቀበሉኝ፦ ተጫዋቹ ስንት ቀን ሳያቋርጥ እንደተጫወተ የሚቆጥረውን። ከመሥሪያ ቤቴ የተማርኩት ዘዴ ነው፤ ሰው ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ሲል በየቀኑ ይመለሳል። ስሙን «አግድም» አልነው። በየጨዋታው አናት ላይ «አዘጋጅ፦ ኪዳነ ወልድ» ይላል፤ ግርጌው ላይ ደግሞ ለአዘጋጁ መልእክት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሦስት ሺህ ያህል ሰው ተጫወተው። እርስዎ ግን በየቀኑ የሚጠይቁኝ ስለ አንዷ ብቻ ነበር፤ «የኔነሽ ጨረሰች?»

ኅዳር ላይ፣ በረቡዕ ቀን፣ የመጨረሻዎቹን መንገደኞች አውርደው፣ ሻትሉን ቦታው ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቀበቶዎን ሳይፈቱ አረፉ። ጭንቅላትዎ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉን።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሁለት ሳምንት ጨዋታ አስቀድሜ ጭኜ ነበር፤ በየቀኑ በኢትዮጵያ ጠዋት ራሱ ይወጣል። ማቆም ረሳሁ። በማግስቱ ማውንትሌክ ቴራስ ልጅዎ ኖላዊት ቤት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ስልኳ ጮኸ። ስታነሳው ስፒከሩን ነካችው መሰለኝ፣ የእህትዎን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

«ኪዳኔ ስልክ አያነሳልኝም። ግን የዛሬው ጨዋታ ደርሶኛል። ደህና ነው አይደል?»

ኖላዊት ዓይኗን ጨፍና «ደህና ነው እትዬ። ጉሮሮውን ኦፕሬሽን ተደርጎ ነው፤ ለጊዜው መናገር አይችልም» አለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ቤት ሙሉ ሰው ጥቁር ለብሶ ተቀምጦ ሰማት።

እኔ ላፕቶፔን ላወጣ ስል የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ፊሊጶስ እጄን ያዙኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጨዋታውን ላቆመው ነዋ።»

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል? መርዶ በስልክ ይነገራል? ሰው ሄዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ በጠዋት፣ ሰው መሀል ሆና ነው የሚነገራት። ልበ ደካማ ናት፤ ብቻዋን ሰምታ ወድቃ ብትቀርስ? እስክንሄድ ይውጣ፤ ተወው።»

ወደ ኖላዊት ዞርኩ። «ፕሊስ አንሳር» አለችኝ። «ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ። ፍላይት ቡክ አደርጋለሁ፤ ሄደን እንነግራታለን፤ ከዚያ በቃ።»

እሺ አልኩ። አስከሬን ሳይቀበር ሽማግሌ ፊት እምቢ የሚል ልጅ አባቴ አላሳደገም።

ሁለት ሦስት ሳምንቱ መቼ እንደሚያልቅ እስካሁን እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የእትዬ የኔነሽ ሐኪም አሁን እንዳትደነግጥ አለ። ቀጥሎ ኖላዊት ከሥራ ፈቃድ ተከለከለች። ቀጥሎ አቶ ፊሊጶስ ጉልበታቸውን ታመሙ፤ ያለ እሳቸው ደግሞ አይሆንም ተባለ። እኔ በዚህ መሀል የተጫነውን ጨረስኩ፤ ከዚያ ኖላዊት የሰጠችኝን ደብተርዎን ከፍቼ ያልወጡትን አርባ ሦስት ገጾች አወጣሁ። ጥር ላይ ደብተሩ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ ነው፤ ስሙ ግን የእርስዎ። በስምንት ዓመቱ ከአገር የወጣ ልጅ አማርኛ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል፤ ግማሹን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «የቤት እንስሳ፤ ሁለት ፊደል» ብዬ የጻፍኩ ቀን አንድ ተጫዋች «ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ምነው ሰሞኑን ደረቁብን?» አለ። እውነቱን ነው። ሲያተኩሰኝ አልጋ ውስጥ ሆኜ ሠራሁ። በረመዳን እየጾምኩ ሠራሁ። ጓደኞቼ ስልክ የማይሠራበት ተራራ ሊወጡ ሲጠሩኝ የማይረባ ሰበብ ደርድሬ ቀረሁ። እናቴ ሳቢራ ቃል ሲጠፋኝ ትነግረኛለች፤ እየነገረችኝ ግን ትቆጣለች። «የሞተ ሰው ስም ይዘህ አትጫወት። ሩሑን አሳርፈው።» አባቴ ደግሞ «ለሽማግሌ እሺ ብሏል፤ ይጨርስ» ይላል። ሰው እንዳያቋርጥ ብዬ የሠራሁት ቆጣሪ እኔኑ ይዞ አስቀረኝ።

ጨዋታው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እህትዎ በየቀኑ መልእክት ይጽፉ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ዝም አልኩ። አንድ ቀን «ድምፅህ ቢጠፋ እጅህም ጠፋ?» ብለው ጻፉ። የድሮ መልሶችዎን አገላብጬ «እታለም» እንደሚሏቸው አየሁና «አለሁ እታለም» ብዬ ላክሁ። ከላክሁ በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ከሱቁ ወጣሁ፤ አስጠላኝ። በማግስቱ ግን ሌላ ላክሁ።

ግንቦት ላይ ይህ መጣ፤ ቃል በቃል ልጻፍልዎ፦

«ኪዳኔ፣ ሐኪሞቹ ልብሽ ካልተከፈተ መስከረምን አታይም ይሉኛል። ተከፍቶም ላይሆን ይችላል ይላሉ። መወሰን አቃተኝ። ግቢ ካልከኝ እገባለሁ፤ ተይ ካልከኝ እተዋለሁ። አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው።»

ስልኬን ይዤ ማውንትሌክ ቴራስ ሄድኩ። አቶ ፊሊጶስም ተጠሩ። እኔ እውነቱ ይነገራቸውና ራሳቸው ይወስኑ አልኩ።

«መርዶ ሰምታ ኦፕሬሽን ልትገባ?» አሉ አቶ ፊሊጶስ። «ጭራሽ ልትገድላት ነው?»

«እኔ'ኮ በሞተ ሰው አፍ ግቢ ልላቸው አልችልም። ቢሞቱስ? የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ሶ ምን ይሻላል?» ኖላዊት ማልቀስ ጀመረች። «ዝም ካልካት አትገባም፤ ካልገባች ትሞታለች። ግቢ በላት በቃ። አባዬም ቢሆን ይሄንኑ ነበር የሚላት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይመስልህም?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ።

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። እርስዎ ምን እንደሚሉ ለማወቅ ያልሞከርኩት የለም። የአንድ ዓመት መልእክትዎን አነበብኩ፤ ስለ ጨዋታ እንጂ ስለ ሕይወት የጻፉት አንድም የለም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናድጄብዎ ነበር። ለሦስት ሺህ ሰው በየቀኑ ፍንጭ ሲሰጡ ኖረው ለእኔ አንድ አልተዉልኝም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ «እታለም፣ ግቢ» ብዬ ላክሁ።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን ስማቸው ከጨዋታው ጠፋ። ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ የጌሙን ስህተት አይቼ ሳልመዘግብ አለፍኩ። በአሥረኛው ቀን ኖላዊት ኮል አድርጋ «ወጣች! ተረፈች!» ስትለኝ አባቴ ሱቅ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። እትዬ የኔነሽ ሲያገግሙ ከርመው ባለፈው ሳምንት ወደ ጨዋታው ተመለሱ። ጨርሰው ሲያበቁ ይህን ጻፉ፦

«ይህን ለምታነበው ልጅ፣ ስምህን አላውቀውም። ወንድሜ ግቢ አይለኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለምንም ነገር ብጠይቀው መልሱ 'ቆይ፣ እኔ እስክመጣ' ነው። ጣሪያው ይቀየር ወይ ስለው ቆይ። ቤቱን ሸጬ ከተማ ልግባ ወይ ስለው ቆይ። አልመጣም፤ እኔም ስቆይ ኖርኩ። 'ግቢ' የሚለውን ሆስፒታል ተኝቼ ሳነብ ኪዳኔ እንደሞተ አወቅሁ። በማግስቱ ነርሷ ልታዘጋጀኝ ስትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ካለቀስኩ ደነገጠች ብለው ይመልሱኛል ብዬ እንባዬን ዋጥኩና ገባሁ። እሱ በሕይወት ኖሮ ብጠይቀው ቆይ ይለኝ ነበር፤ ቆይቼም እሞት ነበር። ስለዚህ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለኖላዊት እንዳትነግራት። ልጅቷ ለእኔ ብላ ስንት ወር ተጨንቃለች፤ መጥታ እንደ ወጉ ታርዳኝ። እንዳልሰማ ሆኜ እቀመጣለሁ። እስከዚያ ጨዋታውን እንዳታቋርጥ፤ ይጠረጥራሉ። ደግሞ ያንተ ከእሱ ይቀላል።»

ይህን ሳነብ ያደረግኩት ገባኝ። አቶ ፊሊጶስ የፈሩትን፣ ሰው እንዳይደርስበት ብለን ስምንት ወር የዋሸንበትን ነገር፣ እኔ በአንድ ቃል አደረስኩት። እህትዎ የእርስዎን ሞት ብቻቸውን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ከስልክ ላይ ነው ያነበቡት። ይዘውትም ቢላ ሥር ገቡ። ይቅር ይበሉኝ ልልዎ ፈልጌ ነበር፤ ግን ደግሞ እርስዎም ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር ያለ ይመስለኛል። «ቆይ» ሲሉ የኖሩት ለክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው ቆየልዎት።

አሁን በሁለት ወገን ታስሬያለሁ። ኖላዊት ከአክስቷ የምትደብቀውን እኔ እደብቅላታለሁ፤ አክስቷ ከእሷ የሚደብቁትንም እኔው እደብቃለሁ። ትናንት ኖላዊት ደወለችልኝ፤ ፈቃድ አግኝታለች፣ የአቶ ፊሊጶስ ጉልበት ድኗል፣ ማክሰኞ እንበራለን። «አንተም ትመጣለህ» አለችኝ፤ «ማን ነበር ሲመልስልኝ የነበረው ብላ ብትጠይቀኝ ፊቷን ማየት አልችልም።» እሺ አልኩ። እኔ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን እንገባለን። ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቀናል። አቶ ፊሊጶስ የሚሉትን ይላሉ፣ ኖላዊት ትጮሃለች፣ እህትዎም አሁን እንደሰሙ ሆነው ይጮሃሉ። አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ለማንም አልነገርኩም፦ እኔ ለእርስዎ አላለቀስኩም። በቀብርዎ ቀን ሰው ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ በየሰዉ ጆሮ ሳንሾካሹክ ነው የዋልኩት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እርስዎን ሆኜ ስነሳ፣ እንዴት ብዬ ላልቅስ? የሌሉ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። ኖላዊት አባቷን ቀብራለች። አቶ ፊሊጶስ አፈር አልብሰዋል። እህትዎ ግድግዳውን እያዩ ተረድተዋል። በዚያ ቤት ያን ጠዋት መርዶው የሚነገረው ለእኔ ነው።

ነፍስ ይማር የምልዎ ያኔ ነው።

እስከ ቅዳሜ በስምዎ የምጽፈው፣
አንሳር ረመዳን
ዋይት ሴንተር፣ ሐምሌ