የአባባ አዲስ ፉርጎ

ከሴን ወንዝ ዳር፣ ፈረንሳይ፣ ግንቦት 1914 እ.ኤ.አ.

ውድ ወንድሜ ኦክታቭ፣

«ሐምሌ ላይ እመጣለሁ» ያልክበት ደብዳቤ ደርሶናል። አባባ ለሰፈሩ ሁሉ ስላነበበው ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትቀር የመርከብህን ስም ታውቃለች። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ከመቆጣትህ በፊት ስማኝ።

ፋብሪካችን የሚሠራው ተነቃይ ሐዲድ ለምን እንደተሠራ ስንቴ ተነግሮናል፦ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ለስኳር የተዘራው ቀይ ሥር ማሳ ላይ እንዳይበሰብስ ነው። ሁለት ሰው ከነአግዳሚው ተሸክሞ ዛሬ እዚህ ይዘረጋዋል፣ ነገ እዚያ። ያሳደገን እሱ ነው፤ አንተንም እስከ አርጀንቲና የሸንኮራ እርሻ ያደረሰህ እሱ ነው። ዘንድሮ ግን ትእዛዙ ሁሉ የጦር ሠራዊቱ ሆኗል። ፋብሪካው እሑድም አያርፍ፤ ቄሱ ቢያኮርፉ ሰሚ የለም። እኔ ያለሁበት ቀለም ክፍልም ከግራጫ በቀር ሌላ ቀለም ረስቷል።

ባለፈው ሳምንት አባባ የገጠመው አዲስ ዓይነት ፉርጎ ወጣ። ልማዱን ታውቀዋለህ፤ የገጠመው ሰው ይቀመጥበትና ጓደኞቹ እየገፉ ግቢውን ያዞሩታል። ይኼኛው ግን መቀመጫ የለውም። ሸራ ተወጥሮበታል፤ ከላዩ ሌላ ሸራ፣ ከዚያም በላይ ሌላ።

«እንቅልፍ እንደሆን አንተን ማን ይችልሃል፣ ተጋደም እንጂ ሽማግሌው!» አሉት ጓደኞቹ አባባን።

አባባ ተጋደመ። እየሳቁ ገፉት። ግማሽ ግቢ ሳይደርሱ ሳቁ ቆመ። ቁስለኛ የሚጫንበት ፉርጎ መሆኑ ለሁሉም የገባው ያኔ ይመስለኛል።

«ምነው ዝም አላችሁ? ቀብር መሰላችሁ እንዴ!» አለ አባባ እንደተጋደመ።

ማታ እራት ላይ፣ «እግርህ ጋ ያን ያህል ቦታ ለምን ተረፈ?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «የጦሩ ሹማምንት ለረጅም ወታደር ይብቃ አሉ። ንድፍ አውጪው ሙሴ ቡላር ሜትሩን ይዞ ሲጨነቅ፣ ‹ምን ያስጨንቅዎታል? ከኔ ኦክታቭ የሚረዝም የት ይገኛል! በሱ ልክ ይሥሩት› አልኩታ!»

ሾርባዬን ሳልጨርስ ከማዕዱ ተነሣሁ።

አሁን ቀኑን ሙሉ በልክህ የተሠሩ ፉርጎዎች ስቀባ እውላለሁ። አባባ እንደ ሽልማት ቆጥሮታል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ናፍቀኸኛል፣ ቢሆንም አትምጣ። ሰው ፈሪ ይበልህ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናታችን የለችም፣ ለእኔ ፈሪ ሁንልኝ።

እኅትህ ክሎቲልድ