በሩ ላይ ያለችው ልጅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬም ገዛሁ… ይኸው ጻፍኩት። አልገዛም ብዬ ነበር የወጣሁት።

«ዋስትና» ሱቁ በር ላይ ቆሞ አየኝ። ስሙ አይደለም፤ የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ «ዋስትና አለው» ስለሚል እኔ ያወጣሁለት ነው። ባለፈው የሸጠልኝን የሚናገር ሜትር ልመልስለት ነበር የገባሁት። አፌ እምቢ አለኝ። ሌላ ዕቃ ገዝቼ ወጣሁ። ከሰው ጋር ከመከራከር መግዛት ይቀለኛል… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሜትሩ ጉድ ነው የሠራኝ። ሲለካበት ቁጥሩን ራሱ ይናገራል። እኔ ዝም ብዬ እለካለሁ ብዬ ነበር። በአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት የአንዲት ነርስ ወገብ ስለካ ለመንገዱ ሁሉ አሰማ። ውጭ ጫማውን የሚያስጠርገው ሰውዬ «ኧረ ቀስ» አለ። ነርሷ ጨርቋን ሰብስባ ሄደች።

አክስቴ ከስፌቷ ቀና ሳትል፦ «ደንበኛ ሲገባ መጋረጃ ውስጥ የምትገባ ልጅ ምን ታደርግልኛለች? እስከ ወሩ መጨረሻ አፍሽን ካልፈታሽ የዳቦ ሻጯን ልጅ አስገባለሁ።»

ያቺ እንኳን ሰው ግድግዳም ታናግራለች።

ቤት መመለስ አልፈልግም። ትምህርቱ አልሆነልኝም፤ ይሄ ግን… መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ሲገባ ያለው ድምፅ… እሱን ለማን ልተወው?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አዲሷ ዕቃ ቡጢ የምታክል ነጭ ሣጥን ናት። አንድ ዓይን አላት። ፊቷ የሆነ ነገር ሲያልፍ የተቀዳባትን ትናገራለች። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቀዳሁባት። «እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።» መጀመሪያ ሹክሹክታ ሆነብኝ። ሣጥን ይታፈራል እንዴ? በኋላ ግን ጥሩ ወጣ። እውነት የኔ ድምፅ ነው?

ወንበር ላይ ቆሜ ከበሩ በላይ ሰቀልኳት። አክስቴ ሰምታ «ማናት ይቺ?» አለች። ከሣጥኗ ጋር የመጣ ድምፅ ነው አልኳት። አመነችኝ። ከሷ ጋር ያለሁት ይኼን ያህል ጊዜ… ድምፄን አታውቀውም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሣጥኗ ድመት ተቀበለች። ነፋስ የነካውን መጋረጃ ተቀበለች። አክስቴ የወደቀ ቁልፍ ልታነሳ ባጎነበሰች ቁጥር በገዛ ሱቋ «እንኳን ደህና መጡ»። ጧት ሳቀች። ከሰዓት በኋላ «መጥቻለሁ አልኩሽ እኮ» እያለች ስትመልስላት ሰማኋት።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የዳቦ ሻጯ ልጅ ሱቃችንን ልታይ መጣች። ከሣጥኗ ጋር ተጨዋወቱ።

ዓርብ፣ የካቲት 14



አክስቴ ክር ልትገዛ ወጥታለች። ደንበኛችን ባለ ጥቁር ጃንጥላዋ እማማ ያሳጠሩትን ጉርድ ሊወስዱ መጡ። አንገቴን ደፍቼ ሰጠኋቸውና መጋረጃዬ ውስጥ ገባሁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሣጥኗ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። ቆሙ። «እንዲህ ካላችሁማ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ትንሽ አረፍ ብለው ተነሡ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።» ተመለሱ። የሰው ግብዣ ረግጠው የሚወጡ ሴት አይደሉም።

ላጠፋት ፈለግሁ። መወጣጫ የሚሆነኝ ወንበር ደግሞ እሳቸው የተቀመጡበት ነው። ሲነሡ ትናገራለች፣ ስትናገር ይቀመጣሉ…

በመጨረሻ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ መስተንግዶሽ ደስ ይላል፤ ግን የመድኃኒቴ ሰዓት አለፈ እኮ» አሉ።

ዘልዬ ወጣሁ። «እማማ፣ ይሂዱ!»

ጮኼ ነበር። ለደንበኛ መጀመሪያ የተናገርኩት ቃል… ይሂዱ።

አክስቴ ለካ ደርሳ በሩ ላይ ቆማለች። እማማ ጃንጥላቸውን አነሡ። «ይቺን ልጅ ምከሪያት፤ እንግዳ ታባርራለች። ያቺኛዋ ግን፣ ያቺ ‹ይቀመጡ› የምትለው… የማን ልጅ ናት? ድምፅዋ ሲጣፍጥ።» ብለዋት ሄዱ። ሣጥኗ ተከትላ ለመነቻቸው። በዚህ ጊዜ አልሰሟትም።

አክስቴ ሣጥኗን አየች። እኔን አየች።

«ከሣጥኗ ጋር የመጣ ድምፅ ነው ያልሽኝ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«የዳቦ ሻጯ ልጅ ይቅርብኝ። እማማ የወደዷትን ነው የምፈልጋት። ነገ በሩ ጋ ቆማ ላግኛት።»

ወንበሩን ራሷ አቀረበችልኝ። አውርጄ ከሜትሩ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። መንገድ ላይ ቦርሳው በተከፈተ ቁጥር ትጋብዘኛለች።

«ዋስትና» ሱቁ በር ላይ ነበር። የሚገባና የሚወጣ ሰው የሚለይ አዲስ ሣጥን መጥቷል አለ፤ «ደህና ይዋሉ»ም ይላል። እግሬ ቆመ… በደንብ ነው የቆመው። «አይ» አልኩት። ቀስ ብዬ ነው፤ ግን የሰማኝ መሰለኝ።

ነገ ሁለቱንም እኔ እላለሁ። ሲገቡ «ይግቡ»፣ ሲወጡ «ደህና ይዋሉ»። የምሄደው በታችኛው መንገድ ነው። በ«ዋስትና» ሱቅ በኩል ካለፍኩ ለራሴ ዋስትና የለኝም።